ስታዲየምና ጎረቤቶቹ

ከማንበባችሁ በፊት

በምትኖሩበት ከተማ ብዙ ሕዝብ የሚሰበሰብበት ስፍራ የትኛው ነው? ገበያ፣ ስታዲየም፣ የበዓል ሜዳ ወይስ መናፈሻ? ሕዝቡ በሚሰበሰብበት ቀን በአካባቢው የሚኖሩ ሰዎች ውሎ ከሌላው ቀን በምን ይለያል? መልሳችሁን በደብተራችሁ ላይ በአጭሩ ከጻፋችሁ በኋላ ቀጥሎ ያለውን ምንባብ አንብቡ። ስለ ውጭ አገር የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ምንባብ

የኬንያ ዋና ከተማ ናይሮቢ የተቆረቆረችው በ1899 ነው። መነሻዋም ከሞምባሳ ወደብ ወደ ዩጋንዳ ይዘረጋ የነበረው የባቡር ሐዲድ ሠራተኞች የሰፈሩበት ጣቢያ ነበር። ስሟ ከማሳይ ሕዝብ ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን ፍቺውም «ቀዝቃዛ ውሃ» ማለት ነው። የማሳይ ከብቶች ውሃ ይጠጡበት የነበረው ያ ረግረጋማ ሜዳ በ2019 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ 4,397,073 ነዋሪዎች የተቆጠሩበት ከተማ ሆኗል። ይህን ያህል ሕዝብ በአንድነት ሲኖር አንዱ የሚደሰትበት ነገር ለሌላው ሸክም የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ከከተማዋ በስተ ደቡብ በሚገኙት ሰፈሮች የሚታየውም ይኸው ነው።

ከከተማዋ መካከል ወደ ደቡብ የሚወርደው ኡሁሩ ሀይዌይ የተባለው ሰፊ ጎዳና፣ በኢትዮጵያው ንጉሠ ነገሥት ስም የተሰየመውን የኃይለ ሥላሴ ጎዳና ካለፈ በኋላ ብዙም ሳይርቅ ከአንድ ትልቅ የመንገዶች መገናኛ ይደርሳል። ከዚህ ላይ አንዱ መንገድ የላንጋታ መንገድ ተብሎ ወደ ደቡብ ምዕራብ ይታጠፋል፤ ሌላው የሞምባሳ መንገድ ተብሎ ወደ ዓለም አቀፉ አውሮፕላን ማረፊያ አቅጣጫ ይቀጥላል። በዚሁ መገናኛ ዳር በ1983 የተከፈተው የኒያዮ ብሔራዊ ስታዲየም ይገኛል። «ኒያዮ» በስዋሂሊ ቋንቋ «ፈለግ» ወይም «ዱካ» ማለት ሲሆን፣ በ1978 ሥልጣን የያዙት ፕሬዚዳንት ዳንኤል አራፕ ሞይ የቀዳሚያቸውን የጆሞ ኬንያታን ፈለግ እንደሚከተሉ ለመግለጽ የያዙት መፈክር ነበር።

ስታዲየሙ 30,000 ያህል ተመልካች እንዲይዝ ሆኖ የተሠራ ነው። በልዩ ልዩ ጊዜ ብሔራዊ በዓላት ተከብረውበታል፤ የጸሎትና የፖለቲካ ስብሰባዎች ተካሂደውበታል። በነሐሴ ወር 2025 ኬንያ፣ ታንዛኒያና ዩጋንዳ በአንድነት ያስተናገዱት የአፍሪካ አገሮች የእግር ኳስ ሻምፒዮና ጨዋታዎችም ከፊሎቹ የተደረጉት በዚሁ ስፍራ ነው። ይሁን እንጂ ለአካባቢው ነዋሪ ከሁሉ ይልቅ የሚታወቀው ጎር ማሂያና ኤ.ኤፍ.ሲ. ሌፐርድስ የተባሉት ሁለቱ ባላንጣ ቡድኖች የሚገናኙበት ቀን ነው። ሁለቱም ቡድኖች ከተመሠረቱ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ ደጋፊዎቻቸውም ከከተማዋ ማዕዘናት ሁሉ፣ ከፊሎቹ በመኪና፣ ከፊሎቹ በሕዝብ ማመላለሻ፣ ብዙዎቹ ደግሞ እየዘፈኑ በእግራቸው ይመጣሉ።

ከስታዲየሙ አጥር ሥር የሚገኙት ሰፈሮች ማዳራካና ናይሮቢ ዌስት ናቸው። ከናይሮቢ ዌስት ቀጥሎ ወደ ደቡብ ሳውዝ ሲ የተባለው ሰፈር ይገኛል። ሳውዝ ሲ ከስታዲየሙ ጥቂት የራቀ ስለሆነ የጨዋታውን ጩኸት እምብዛም አይሰማም። የችግሩን ጠባይ ለመረዳት ግን ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው የዚህ ሰፈር አቀማመጥ ነው። በስተ ምሥራቅ የሞምባሳ መንገድ ያዋስነዋል። በስተ ምዕራብ ትናንሽ አውሮፕላኖች ያለማቋረጥ የሚነሡበትና የሚያርፉበት የዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያ ተዘርግቷል። በስተ ደቡብ ደግሞ በ1946 የተቋቋመውና 117 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው የናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ ይገኛል። አንበሳና አውራሪስ የሚኖሩበት ይህ ፓርክ ለከተማ እጅግ የቀረበ በመሆኑ የዓለምን ጎብኚዎች ያስደንቃል። በአውሮፕላን መንደርደሪያም ሆነ በአንበሳ መዋያ በኩል መንገድ አውጥቶ ማለፍ እንደማይቻል ግልጽ ነው። ስለዚህ የሳውዝ ሲ ነዋሪ ወደ ከተማው መካከል ለመሄድ ያሉት መውጫዎች ጥቂት ናቸው፤ ወይ ወደ ሞምባሳ መንገድ ይወጣል፣ ወይም በናይሮቢ ዌስት በኩል ወደ ላንጋታ መንገድ ይሻገራል። ሁለቱም መንገዶች የሚገናኙት ከስታዲየሙ በር ላይ ነው።

ከዚህ ላይ ሁለት የሚመሳሰሉ ነገሮችን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። አንደኛው የቆመ መኪና የሚያመጣው ችግር ሲሆን፣ ሁለተኛው የሚንቀሳቀስ መኪና የሚያመጣው ነው። የቆመ መኪና ችግር የሚለካው በሰው እግር ነው። ተመልካቹ መኪናውን አቁሞ በእግሩ ለመሄድ ከሚፈቅደው ርቀት በላይ ችግሩ አይዘልቅም፤ ከዚያ ክልል ውጭ ያለው ደጃፍ ባዶ ሆኖ ይውላል። የሚንቀሳቀስ መኪና ችግር ግን እንደ ተገደበ ወንዝ ነው። መገናኛው ሲዘጋ መኪኖቹ ወደ ኋላ እየተጠራቀሙ፣ ኳስ ይኑር አይኑር ያልሰማው መንገደኛ ዘንድ ሳይቀር ይደርሳሉ። የማዳራካና የናይሮቢ ዌስት ሰዎች በይበልጥ የሚቸገሩት በመጀመሪያው ነው፤ የሳውዝ ሲ ሰዎች ግን በሁለተኛው።

መጨናነቁ የሚፈጠርበትን ምክንያት በቀላል ሒሳብ ማሳየት ይቻላል። ስታዲየሙ ሞልቷል እንበል። ከ30,000ው ተመልካች ውስጥ አንድ ሦስተኛው፣ ማለት 10,000 ያህሉ፣ በየመኪናው ሦስት ሦስት ሆኖ ቢመጣ 3,333 መኪኖች ይሆናሉ። በመንገድ ዳር በረድፍ የሚቆም አንድ መኪና ከመግቢያና ከመውጫው ጋር 6 ሜትር ያህል ቦታ ይይዛል። ይህም በጠቅላላው 20 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ረድፍ ማለት ነው፤ በመንገዱ ግራና ቀኝ ቢቆሙ እንኳ 10 ኪሎ ሜትር መንገድ ይሸፍናሉ። በማናቸውም ስታዲየም ዙሪያ ይህን ያህል ባዶ የመንገድ ዳር አይገኝም። በመሆኑም መኪናው በእግረኛ መሄጃ ላይ ይወጣል፤ በቦይ ላይ ይቆማል፤ የሰውን የግቢ በር ይዘጋል።

እነዚያው 10,000 ሰዎች በኬንያ ማታቱ ተብለው በሚጠሩት ዐሥራ አራት መንገደኛ በሚጭኑ ታክሲዎች ቢመጡ 715 ያህል ማታቱዎች ይበቋቸዋል። በስድሳ መቀመጫ አውቶቡስ ቢመጡ ደግሞ 167 አውቶቡሶች ያነሷቸዋል። (ማታቱ የሚለው ስም የመጣው በስዋሂሊ «ሦስት» ከሚለው ቃል ነው፤ የጥንቱ ዋጋ ሦስት ባለ ዐሥር ሳንቲም ስለ ነበረ ነው ይባላል።) ይህ ሁሉ የሚያሳየው ስታዲየሙ በራሱ ጥፋተኛ አለመሆኑን ነው። አንድ ሰው በመኪና ውስጥ ሲቀመጥ፣ በአውቶቡስ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ከሚይዘው ቦታ ብዙ እጥፍ ይይዛል።

ከመምጣቱ ይልቅ መመለሱ የባሰ ነው። ተመልካች ሲመጣ በአንድ ጊዜ አይመጣም፤ ጉጉቱ ያየለበት ከሦስት ሰዓት በፊት ይደርሳል፤ ሥራ ያለበት ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ እየሮጠ ይገባል። የመጨረሻው ፊሽካ ሲነፋ ግን ሁሉም በአንድነት ይነሣል። መሰናክል በሌለበት ጥሩ ጎዳና ላይ እንኳ አንድ የመኪና ረድፍ በአንድ ሰዓት ከሚያሳልፈው 2,000 ያህል መኪና የሚበልጥ እምብዛም ነው፤ አደባባይና እግረኛ ባለበት ደግሞ ቁጥሩ እጅግ ይቀንሳል። ስለዚህ 3,333ቱ መኪኖች ሁሉ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ወደ ቤታቸው ለመሄድ ቢፈልጉ መንገዱ ይህን ሊያደርግላቸው አይችልም። ከሞምባሳ መንገድ በላይ በ2022 የተከፈተው 27 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው የናይሮቢ ፈጣን መንገድ የሩቁን ተጓዥ ከዚህ መጨናነቅ አውጥቶታል። ነገር ግን መንገዱ የሚያሳልፈው ለከፈለ ነው፤ ከሥሩ ያለው አሮጌው መንገድ ግን የሁሉም እንደ ሆነ ቀርቷል።

ይህ ዐይነቱ ነገር ለአዲስ አበባ ነዋሪ እንግዳ አይደለም። በ1954 ዓ.ም ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ያገኘችበት የአዲስ አበባ ስታዲየም የሚገኘው ከመስቀል አደባባይና ከለገሃር አጠገብ፣ በከተማው እምብርት ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስና ኢትዮጵያ ቡና በዚያ በተገናኙባቸው ዓመታት በጨዋታው ቀን በዚያ በኩል ማለፍ ምን ማለት እንደ ነበረ የታክሲ አሽከርካሪዎች ያውቁታል። ልዩነቱ የአዲስ አበባው ስታዲየም ዙሪያውን በአብዛኛው በሱቅና በመሥሪያ ቤት የተከበበ መሆኑ ነው፤ ሱቅ ማታ ይዘጋል፣ ባለሱቁም ወደ ቤቱ ይሄዳል። በ2013 ዓ.ም የመስቀል አደባባይ ሲታደስ ከመሬት በታች ከአንድ ሺህ በላይ መኪኖች የሚያቆም ስፍራ ተሠርቶለታል። በናይሮቢ ግን ከስታዲየሙ ጀርባ ያለው መኖሪያ ቤት ነው፤ የሚኖርበት ሰው ደግሞ የትም አይሄድም።

ለነዋሪው ትልቁ ጉዳይ ምቾት ብቻ አይደለም። መኪናውን ከበሩ ላይ ማቆም ያቃተው ሰው ቢቆጣም ዞሮ ዞሮ ቦታ ያገኛል። የታመመ ሰው በቤቱ ያለበት ግን ሌላ ነገር ነው። ምጥ የጨዋታን ቀን ጠብቆ አይመጣም፤ እሳትም እንዲሁ። አንድ ጠባብ የሰፈር መንገድ በግራና በቀኝ መኪና ከቆመበት የእሳት አደጋ መኪና ሊያልፍበት አይችልም። የኬንያ ቀይ መስቀል ማኅበር ዋና መሥሪያ ቤት የሚገኘው በዚሁ በሳውዝ ሲ ነው። እርዳታ ሊሰጥ የሚወጣ አምቡላንስ ሞምባሳ መንገድ ላይ ደርሶ፣ መብራቱ እየበራ፣ ከፊቱ የቆሙት መኪኖች ሊሸሹለት ቢፈልጉም መሸሻ ሲያጡ ማሰብ አያዳግትም።

በሌላ በኩል የሚመጣውንም ሰው ማድመጥ ይገባል። ስታዲየሙ የተሠራው በሕዝብ ገንዘብ ነው፤ ከሩቅ ሰፈር የሚመጣው ደጋፊ በስታዲየሙ ላይ ያለው መብት ከጎረቤቱ መብት አያንስም። በሰፈሩ ያለው መንገድም ቢሆን የቤቱ ባለቤት ንብረት አይደለም። አጥሩ ከሚያልቅበት በኋላ ያለው መሬት የሁሉም ነው፤ ከደጃፉ ላይ ድንጋይ ደርድሮ «ይህ የኔ ነው» የሚል ነዋሪ፣ የሚያማርረውን ጥፋት ራሱ እየፈጸመ ነው። ደግሞም በዚያን ቀን የሚጠቀም አለ። የተጠበሰ በቆሎ፣ የቡድን ማልያና ውሃ የሚሸጡት ሰዎች የሳምንት ገቢያቸውን የሚያገኙት በዕለቱ ነው።

መኪና እየመሩ ወደ ክፍት ቦታ የሚያስገቡና የሚጠብቁ ልጆችም በናይሮቢ የቆየ ታሪክ አላቸው። እነዚህ ልጆች «ፓርኪንግ ቦይስ» ይባሉ ነበር፤ ብዙዎቹ ቤት የሌላቸው ነበሩ። በ1973 አርኖልድ ግሮል የተባሉ ሆላንዳዊ ቄስ ኡንዱጉ የተባለውን ማኅበር ያቋቋሙት እነዚህን ልጆች ለመርዳት ነበር። «ኡንዱጉ» በስዋሂሊ «ወንድማማችነት» ማለት ነው። አንዱን መኪና ለማቆም የሚደረገው ግፊያ ለሌላው የዕለት እንጀራ መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ታዲያ ምን ይደረግ? በዓለም ላይ የተሞከሩት መንገዶች ብዙ ናቸው፤ አንዳቸውም ግን ያለ ዋጋ አልተገኙም። በለንደን ከተማ 90,000 ሰዎች የሚይዘው የዌምብሊ ስታዲየም በዙሪያው ባሉት ሰፈሮች በጨዋታ ቀን የነዋሪነት ፈቃድ የሌለው መኪና እንዳይቆም ተከልክሏል፤ ቢቆም ይቀጣል። ይህ ነዋሪውን ይጠብቃል። ሆኖም ክልከላው ከሚያበቃበት መስመር ወዲያ ያለው የመጀመሪያው መንገድ የሌላውን ሁሉ ሸክም ይወርሳል፤ የዚያ መንገድ ነዋሪም በተራው ክልሉ እንዲሰፋ መጠየቁ አይቀርም። ደግሞም ሕጉ የሚሠራው የሚቆጣጠርና ያለ አድልዎ የሚቀጣ ሰው ሲኖር ነው። ቁጥጥሩ ላልቶ ጉቦ የሚገባበት ከሆነ፣ ፈቃዱ ለነዋሪው ጥበቃ መሆኑ ቀርቶ ለተቆጣጣሪው ገቢ ይሆናል።

በጀርመን አገር ደግሞ በብዙ ስታዲየሞች የመግቢያው ትኬት በከተማው ባቡርና አውቶቡስ ለመሳፈርም ያገለግላል። ተመልካቹ ትኬቱን ሲገዛ የመጓጓዣውን ዋጋ ስለ ከፈለ፣ መኪናውን ይዞ የሚመጣበት ምክንያት ይቀንሳል። ይህ ከሁሉ የተሻለ ዘዴ ይመስላል፤ ነገር ግን አስቀድሞ በሰዓቱ የሚመጣ ባቡር መኖር አለበት። በናይሮቢ ብዙውን ተጓዥ የሚያመላልሱት የግል ማታቱዎች ናቸው። እነርሱን በአንድ ትኬት ማስተሳሰር ከመቶዎች ባለንብረቶች ጋር መስማማትን ይጠይቃል።

በአሜሪካ፣ በሎስ አንጀለስ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ዶናልድ ሹፕ ጉዳዩን ከሌላ አቅጣጫ ተመልክተውታል። በ2005 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳስረዱት፣ በነጻ ወይም በርካሽ የሚሰጥ የመኪና ማቆሚያ ሁልጊዜ ሞልቶ ይገኛል፤ ስለ ሞላም አሽከርካሪዎች ቦታ ፍለጋ ሲዞሩ ይውላሉ። ዌስትዉድ በተባለ አንድ ትንሽ የንግድ ሰፈር ብቻ ባደረጉት ጥናት፣ መኪኖች ቦታ ፍለጋ በዓመት 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል በከንቱ እንደሚዞሩ ገምተዋል። ሹፕ ያቀረቡት ሐሳብ በየመንገዱ ሁልጊዜ አንድ ሁለት ክፍት ቦታ እስኪገኝ ድረስ ዋጋው ከፍ እንዲል፣ የተሰበሰበውም ገንዘብ ለዚያው መንገድ ማሳመሪያና ለነዋሪው ጥቅም እንዲውል ነው። እንዲህ ከሆነ ለነዋሪው የእንግዳው መኪና መቅሰፍት መሆኑ ቀርቶ ገቢ ይሆናል። ዳሩ ግን ገንዘቡ ወደ ሰፈሩ መመለሱን ነዋሪው ካላየ፣ ዘዴው ከሌላው ግብር ተለይቶ አይታየውም።

በኬንያ ይህን ሁሉ የመወሰን ሥልጣን በአንድ እጅ አይገኝም። ስታዲየሙ የብሔራዊው መንግሥት ነው። በ2010 በጸደቀው ሕገ መንግሥት መሠረት በ2013 የተቋቋሙት የአውራጃ መንግሥታት ደግሞ የከተማውን የመኪና ማቆሚያ ይመራሉ። ትራፊክ የሚያስተናብረው ፖሊስ የብሔራዊው መንግሥት ነው፤ ጨዋታውን የሚያዘጋጀው ግን ቡድኑ ወይም ፌዴሬሽኑ ነው። ያው ሕገ መንግሥት የሕዝብን ተሳትፎ ከአገሪቱ የአስተዳደር መርሆዎች አንዱ አድርጎ ደንግጓል። ነገር ግን አንድ ነዋሪ በሩ ተዘግቶበት አቤት ሲል ከአራቱ አካላት እያንዳንዳቸው ወደ ሌላው ሊያመለክቱት ይችላሉ፤ አንዱም ዋሽቶ አይደለም። አንድ የጨዋታ ቀን ከመድረሱ በፊት አራቱ ከነዋሪው ጋር በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ካልተቀመጡ፣ በዕለቱ ቢሯሯጡ ብዙ አይረዳም። የትኛው መንገድ ለአምቡላንስ ክፍት ይሁን? አውቶቡሶቹ የት ይቁሙ? ነዋሪው በየት ይግባ? ይህ ሁሉ መልስ የሚያገኘው ስታዲየሙ ባዶ በሆነበት ቀን ነው።

በ2023 ኬንያ፣ ታንዛኒያና ዩጋንዳ የ2027ን የአፍሪካ ዋንጫ በአንድነት እንዲያስተናግዱ ተመረጡ። ኬንያም ለዚሁ ዝግጅት 60,000 ተመልካች የሚይዝ አዲስ ስታዲየም በንጎንግ መንገድ አቅራቢያ ማሠራት ጀመረች። ይህ ከኒያዮ ሁለት እጥፍ ነው። የንጎንግ መንገድ ነዋሪዎች ናይሮቢ ዌስትና ሳውዝ ሲ ለአርባ ዓመታት የኖሩበትን ነገር ቀርበው ለመጠየቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልጋቸውም፤ በመኪና የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው፤ ጨዋታ ከሌለ።

መልመጃ አንድ፦ የመረዳት ጥያቄዎች

ሀ. የሳውዝ ሲ መውጫዎች ጥቂት የሆኑት ለምንድን ነው?
ለ. የቆመ መኪናና የሚንቀሳቀስ መኪና የሚያመጡት ችግር እንዴት ይለያያል?
ሐ. ከጨዋታ በኋላ ያለው መጨናነቅ ከጨዋታ በፊት ካለው የሚብሰው በምን ምክንያት ነው?
መ. ከደጃፉ ላይ ድንጋይ የሚደረድረው ነዋሪ የተወቀሰው ለምንድን ነው? በወቀሳው ትስማማላችሁ?

መልመጃ ሁለት፦ የሚከተሉትን ቃላት በምንባቡ ውስጥ ባላቸው ፍች መሠረት በዓረፍተ ነገር ግለጹ።

ተቆረቆረ፣ ባላንጣ፣ እምብርት፣ ይወርሳል፣ አድልዎ

መልመጃ ሦስት፦ ስታዲየሙ በ40,000 መቀመጫ ቢሠራና ከተመልካቹ አንድ አራተኛው በየመኪናው ሁለት ሁለት ሆኖ ቢመጣ፣ የመኪኖቹ ረድፍ ስንት ኪሎ ሜትር ይሆናል? ስሌታችሁን በቃላት አስረዱ።

መልመጃ አራት፦ ክፍሉ በሁለት ቡድን ተከፍሎ፣ አንዱ የነዋሪዎችን፣ ሌላው የተመልካቾችን አቋም ይዞ ይከራከር። ከክርክሩ በኋላ እያንዳንዱ ተማሪ ከተከራከረበት ወገን በተቃራኒው ሆኖ ለከተማው አስተዳደር የሚቀርብ የአንድ ገጽ ማመልከቻ ይጻፍ።